አንቺ ቅደሚ

ጥሪው የመጣው ኤፍራታ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ነው። ወረዳው በየቤቱ የተከለው ማሽን፣ ወኪሉ፣ ከወጥ ቤቱ ጣሪያ ጥግ እንደ ወትሮው ጉሮሮውን ጠረገ። ጉሮሮ እንደሌለው ሁሉም ያውቃል፤ ድንገት ሲናገር ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ እንዲህ ተደርጎ ነው የተሠራው።

«ወይዘሮ ኤፍራታ፣ የራስ ውሳኔ ፈቃድዎ እንደገና እንዲመዘን ተወስኗል» አለ። «ምክንያቱ በፊት ለፊት በር ላይ በተደጋጋሚ የታየ የውሳኔ መዘግየት ነው። ምዘናው ክረምቱ ሳይገባ በወረዳው አዳራሽ ይካሄዳል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ኤፍራታ ቢላዋውን አስቀመጠች። የውሳኔ መዘግየት የተባለው ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አላሰበችም። የበሩ ዓይን ያየው እሷንና ባሏን ናሆምን ነው።

ሁለቱ አመሻሽ ላይ ፀሐይዋ በረድ ስትል እስከ መንገዱ ጥግ ደርሰው ይመለሳሉ። ናሆም መርሳት ከጀመረው ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ ሚስቱን እንደ ደግ ጎረቤት ነው የሚያያት። «እመቤት» ይላታል፣ «እርስዎ» ይላታል፣ ምግብ ስታቀርብለት ለምን እንደምትቸገር ይጠይቃታል። ከመንገድ ተመልሰው በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ይቆማል።

«ግቢ» ይላል።

«አንተ ቅደም።»

«ኧረ አንቺ ቅደሚ።»

«በሞቴ ናሆም፣ አንተ ቅደም።»

«አንቺ ቆመሽማ አይሆንም።»

ከተጋቡ ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ሙሽሮች ሳሉ ሚዜዎቹ በረንዳ ላይ ቆመው ስቀውባቸዋል። አንዳንድ ቀን ዝናብ እየወረደባቸው ይከራከራሉ። መጨረሻ ላይ የሚሸነፈው እሱ ነው። አንድ እግሩን አሻግሮ ይስቅና፣ «ኤፊ፣ መቼም አትሸነፊም» ይላል። በቀን አንድ ጊዜ ስሟ ከአፉ የሚወጣው ያኔ ብቻ ነው። ሐኪሙ ለምን እንደሆነ ሊያስረዳት አልቻለም፤ እሷም አጥብቃ አልጠየቀችም።

የበሩ ዓይን ግን ሁለት አዛውንት ክፍት በር ፊት ቆመው መግባት አለመግባቱን መወሰን ሲያቅታቸው ነው ያየው።

ፈቃዷን ከተነጠቀች ለሁለቱም የሚወስንላቸው ወኪሉ ነው። ወኪሉ ደግሞ ሐሳቡን ደብቆ አያውቅም። ናሆም ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር ወዳለው የእንክብካቤ ቤት ቢገባ እንደሚሻለው ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ በትሕትና ነግሯታል። እሷ እምቢ ስትል «ተቀብያለሁ» ብሎ ይተዋል። ፈቃድ ያለው ሰው እምቢ ካለ እምቢ ነው። ፈቃድ የሌለው እምቢ ሲል ደግሞ ወኪሉ በጽሞና አዳምጦ የራሱን ያደርጋል።

ምዘናው ቼዝ ነው። ለምን ቼዝ እንደተመረጠ በትክክል የሚያስታውስ የለም፤ አንዳንዱ ቋንቋ ስለማይጠይቅ ነው ይላል፣ ሌላው ርካሽ ስለሆነ ነው ይላል። ለማንኛውም ስልሳ አምስት ዓመት ያለፈውና የተጠራ ሰው ሁሉ ከማሽን ጋር ተጫውቶ ሦስተኛውን እርከን ማለፍ አለበት። ስለዚህ አዳማ ውስጥ አዛውንት ያለ ሰሌዳ ከቤት አይወጣም። አውቶቡስ ውስጥ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ጉልበት ላይ ሰሌዳ ያበራል። ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ንፍሮ እስኪዞር ድረስ እናቶች በነጠላቸው ሥር ፈረስ ያንቀሳቅሳሉ። አልቃሽ ሲመጣ ሰሌዳውን ገልበጥ አድርገው አብረው ያለቅሱና መልሰው ያቃኑታል። ማንም ነውር ብሎት አያውቅም።

ኤፍራታ ቼዝ ነክታ አታውቅም ነበር። ሰሌዳውን ያመጣችላት የእህቷ ልጅ አስካለ ናት። አስካለ ገና ወጣት ናት፤ የዛሬ ወጣቶች የቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሶላቸዋል፣ ኤፍራታና ናሆም የሚባሉት ናቸው ምርኩዝ የያዙት። ሥራዋ ራሱን በሚነዳ አውቶቡስ ውስጥ ተሳፋሪ ማረጋጋት ነው። አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ተነሥታ «አይዟችሁ፣ ያየው ነገር ቢኖር ነው» ትላለች። ቤት ስትመጣም ያው ድምፅዋ አብሯት ይመጣል።

«አይዞሽ አክስቴ» አለች ሰሌዳውን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋች። «አሠልጣኙ ከዜሮ ነው የሚጀምርልሽ። ደህና ከሄድሽ ካሬው አረንጓዴ ይሆናል፣ ካበላሸሽ ቀይ። ስትጨርሱ ጨዋታውን መልሶ እያሳየ የት እንደተሳሳትሽ ይነግርሻል። አይቆጣም፣ አይሰለችም።»

«ከማን ጋር ነው የምጫወተው?»

«ከራሱ ከአሠልጣኙ ጋር።»

«እሱስ ምን ያገኛል?»

አስካለ ሳቀች። ኤፍራታ ግን የምሯን ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ደህና ሄደ። ወታደር አንድ አንድ እንደሚሄድ፣ ጳጳስ በሰያፍ ብቻ እንደሚሄድ፣ ፈረስ ደግሞ የሚዘለው እንደ ሰካራም ታጥፎ እንደሆነ ለመደች። ጠዋት ቁርስ ሳይቀርብ አሠልጣኙ እንቆቅልሽ ይሰጣታል፤ በሁለት እርምጃ ንጉሡን ያዢ ይላታል። ናሆም አጠገቧ ተቀምጦ የሞቱትን ወታደሮች በመስመር ይደረድራቸዋል። አንድ ቀን የአሠልጣኙ ንግሥት ያለ ጠባቂ ብቻዋን ቆማ አገኘቻትና በፈረስ በላቻት። አሸነፈችም። ከወንበሯ ብድግ ብላ አጨበጨበች፤ ናሆምም አብሯት አጨበጨበና «እንኳን ደስ አለዎት» አላት።

ደስታዋን ይዛ ወደ አጥሩ ሄደች። አጥሩ ማዶ ጋሽ ናታኒም አለ፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፣ እሱም ተጠርቶ እየተለማመደ ነው።

«ንግሥቱን በላሁበት» አለችው።

«ለቆልሽ ነው» አለ ናታኒም ከሰሌዳው ቀና ሳይል። «ጀማሪ ተስፋ እንዳይቆርጥ በየመሃሉ ሆን ብሎ ይለቃል። ለእኔም ይለቃል።»

«ዐውቆ?»

«ዐውቆ እንጂ። እንግዳ ሲያስተናግድ በይው።»

ያን ቀን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ኤፍራታ ስትመለስ አሠልጣኙ ግንቡን ለቀቀላት። አየችው። እጇን ዘረጋችና ሰበሰበችው። ዐውቆ ያስቀመጠላትን ዘላ አፈፍ ማድረግ አልሆንላት አለ። ቅድም ንግሥቱን ስትበላ ስላጨበጨበች ደግሞ አፈረች፤ ሰው ቤት ተጋብዞ እየበሉ ማጨብጨብ ማለት ነው። ግንቡን አልፋ ወታደሯን ገፋች። ካሬው ቀይ ሆነ። «የተሻለ እርምጃ ነበር» አላት አሠልጣኙ በደግ ድምፅ።

«አይቼዋለሁ» አለች ለራሷ።

በሚቀጥለው ጨዋታ ውለታውን ለመመለስ ፈረሷን መንገድ ላይ አቆመችለት። አሠልጣኙ ወዲያው በላው። ደስ አላት፤ ባይበላላት ኖሮ ቅር ይላት ነበር። ነገር ግን አሠልጣኙ ፈረሷን የጣለችው ማየት ስላቃታት መሰለው። እርከኗን ዝቅ አደረገና የበለጠ ይለቅላት ጀመር። እሱ በለቀቀ ቁጥር እሷ ትመልሳለች፤ እሷ በመለሰች ቁጥር እሱ ይጨምራል። አንዱ ጨዋታማ ሁሉም ነገር ተገባብዞ አልቆ፣ ሁለቱ ነገሥታት ባዶ ሜዳ ላይ ተፋጠው ቀሩ።

አስካለ ውጤቱን ስታይ መጀመሪያ ሰሌዳው የተበላሸ መሰላት።

«አክስቴ፣ ከጀመርሽበትም በታች ወርደሻል እኮ። ይቺ ንግሥት እዚህ ዝም ብላ ቆማለች። አላየሻትም?»

«አይቻታለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልበላሻትም?»

«አንቺ ሰው ዐውቆ ሲያስቀምጥልሽ ታነሺያለሽ?»

«ሰው የለም እኮ እዚህ!»

«መኖሩማ የለም» አለች ኤፍራታ። «ማሽን መሆኑን አጥቼው አይደለም። እጄ ነው እምቢ ያለኝ።»

አስካለ ሰሌዳውን ገፋ አደረገች። ከዚያ ያን የአውቶቡስ ድምፅዋን ትታ በራሷ ድምፅ ተናገረች። «አክስቴ፣ ስሚኝ። ክረምቱ እየደረሰ ነው። ካላለፍሽ ጋሽ ናሆም ቢሾፍቱ ነው የሚሄደው። እዚያ ደግሞ ማን በር ላይ ይቆምለታል?»

ኤፍራታ ቀና ብላ አየቻት። አስካለ የበሩን ነገር እንደምታውቅ እስካሁን አልመሰላትም ነበር።

ሁለቱ ተቀምጠው ዘዴ አወጡ። አስካለ እንደምትለው ይሉኝታ ከእጅ የሚወጣው በሰሌዳ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ መለማመድ ያስፈልጋል። አውቶቡስ ሲመጣ ቀድማ ትገባለች። «ጨምሪ» ስትባል አንዴ «አልፈልግም» ብላ ታበቃለች። ከሁሉ በፊት ደግሞ የፊት ለፊቱ በር ይቅር። የበሩ ዓይን ሌላ መዘግየት እንዳያይ ምዘናው እስኪያልፍ ድረስ በጓሮ በር ይግቡ። የጓሮው በር ጠባብ ነው፣ ዓይንም የለውም፤ ኤፍራታ የናሆምን እጅ ይዛ ቀድማ ትገባለች፣ እሱም ይከተላል።

መጀመሪያ ጭንቅ ነበር። አውቶቡስ በር ላይ አንዲት ነፍሰ ጡርን ቀድማ ስትገባ ፊቷ እሳት ሆነ። የእድሩ ስብሰባ ላይ ግን ነገሩ ተለወጠ። ከምሳው በኋላ ትሪው ላይ የመጨረሻዋ ቁራጭ ሥጋ ቀረች። እንደ ሁልጊዜው ሁሉም እያያት ማንም አያነሣትም፤ ወሬው በሥጋዋ ዙሪያ ይዞራል። ኤፍራታ እጇን ሰድዳ አነሣችና በላቻት። አንዲት ሴት «ምን ነካቻት?» ስትል ሰማች። እፍረቱ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ አልመጣም። ይልቅ ቀለላት፤ ዕድሜ ልኳን የተሸከመችውን ነገር ያወረደች ያህል ቀለላት። ሥጋዋም ጣፍጣለች።

ያን ዕለት ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ሆነ። አሠልጣኙ የለቀቀውን ሁሉ በላች፣ ያልለቀቀውንም ወጥመድ ዘርግታ በላች። «ግሩም» አላት። በየቀኑ ግሩም ይላት ጀመር። ወደ ሁለተኛው እርከን ወጣች፣ ከዚያ ሦስተኛውን ነካች። እውነቱን ለመናገር ኤፍራታ ወደደችው። ሰው ሲያቅማማ ማየት ያናድዳት ጀመር። ናታኒም አጥር ላይ ቆሞ «ልምጣ ወይስ ሥራ ይዘሻል? አይ ይቅር፣ ሌላ ጊዜ» ሲል፣ «ከመጣህ ና፣ ካልመጣህ ቅር» ብላው ገባች።

ናሆም ግን ስሟን ካነሣ ሰነባብቷል። በጓሮ በር ሲገቡ እጁን እየሰጠ «አመሰግናለሁ እመቤት» ይላል፣ ሌላ የለም። አንዳንዴ ወጥ ቤት ቆሞ ወደ ሳሎኑ ይመለከታል፣ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ያለ ይመስል። ኤፍራታ ይህን ባየች ቁጥር ልቧ ይጨነቅና ከምዘናው በኋላ፣ ከምዘናው በኋላ እያለች ወደ እንቆቅልሿ ትመለሳለች።

የምዘናው ቀን አስካለ ከናሆም ጋር ቤት ቀረች። የወረዳው አዳራሽ ቀድሞ የሠርግ አዳራሽ ነበር፤ ጣሪያው ላይ እስካሁን የወረቀት አበባ ተሰቅሏል። አዛውንቶቹ በረድፍ ተቀምጠዋል፣ እያንዳንዳቸው ፊት ሰሌዳ አለ። ናታኒም ከኤፍራታ ቀጥሎ ያለው ወንበር ደርሶታል። ከክራባቱ ጋር እየታገለ «እግዜር ይርዳን» አላት። «አሜን» አለች፣ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳታነሣ።

ጨዋታው ሲጋመስ ማሽኑ ንግሥቱን ለቀቀ። ብቻዋን፣ ያለ ጠባቂ፣ ያን ቀን እንደቆመችው ቆማለች። ኤፍራታ አላቅማማችም። ፈረሷን አንሥታ በላቻት። ከጎኗ የናታኒም ምርኩዝ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለና እግሯ ሥር ደርሶ ቆመ። ጎንበስ አላለችም። ተራዋ ደርሶ ነበርና። አንድ ሠራተኛ መጥቶ አነሣለት።

ከጥቂት እርምጃ በኋላ «ቼክ ሜት» አለ ማሽኑ በራሱ ላይ።

ሠራተኛው፣ ትሑት ወጣት ነው፣ «እንኳን ደስ አለዎት እማማ» ብሎ የታደሰውን ፈቃድ አንገቷ ላይ እንደ ሜዳሊያ አንጠለጠለላት። ከአዳራሹ ሲወጡ ናታኒም በሩ ላይ ደረሰባትና ቆመ።

«እኔ ወደቅሁ» አለ። «ንግሥቱን ሲለቅልኝ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ተውኩለት። በይ ቅደሚ።»

ኤፍራታ ቀደመች። መንገዱን ተሻግራ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ነው «አይዞህ» እንኳ እንዳላለችው ትዝ ያላት። አውቶቡሱ ተነሣ።

ቤት ስትደርስ አስካለ አቅፋት አለቀሰችና ወደ ሥራዋ ሮጠች። ጀምበሯ ዘቅዘቅ ስትል ኤፍራታ ናሆምን ይዛ ወጣች፤ እስከ መንገዱ ጥግ ደርሰው ተመለሱ። ዛሬ በጓሮ በር አይደለም። ዛሬ ፈቃዷ አንገቷ ላይ ነው። በፊት ለፊቱ በር ደረሱና ናሆም ቆመ። ፊቱ በራ፣ ቤቱን ያወቀ ሰው ፊት ሆነ።

«ግቢ» አለ።

ኤፍራታ ገባች።

ወጥ ቤት ደርሳ ነጠላዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ምድጃውን ለኮሰች፣ «አለፍን እኮ ናሆም» አለች። ዞር ስትል ከኋላዋ የለም። ወደ በሩ ተመለሰች። ናሆም ውጭ የበሩን ጉበን ይዞ ቆሟል፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

«ምነው አትገባም?»

«እርስዎ ይግቡ፣ እመቤት» አለ በጨዋ ደንብ። «እኔ ባለቤቴን እየጠበቅሁ ነው።»

ኤፍራታ አሁን ገባት። ለእሱ ብላ የተማረችው ነው እሱን ያሳጣት። እጁን ይዛ ልትጎትተው አሰበች፤ ይከተላታል፣ በጓሮ በርም ተከትሏታል። ግን ይህን ሁሉ የደከመችው «እመቤት» እያላት የሚከተላትን ሰው ለማቆየት አልነበረም።

የበሩ ዓይን በራ። «ወይዘሮ ኤፍራታ፣ በሩ ክፍት ነው» አለ ወኪሉ። «እገዛ ይፈልጋሉ?»

«አልፈልግም።»

ባሏን አልፋ ወጣች። ግቢውን አቋርጣ መንገድ ላይ ደረሰች፣ እስከ ጥጉ ሄደች፣ ተመለሰች። ቀስ ብላ፣ ከሩቅ እንደመጣ ሰው፣ አጠገቡ መጥታ ቆመች። ናሆም ዞሮ አያት።

«ግባ» አለችው። ቃሉ አፏ ውስጥ ባዕድ ሆነባት፤ እግሯ አሁንም ልቅደም፣ ልቅደም እያለ ነው።

ናሆም ፊቷን ትኩር ብሎ አየ። ከዚያ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

«አንቺ ቅደሚ» አለ።

«አንተ ቅደም።»

«ኧረ አይሆንም።»

ወኪሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «የውሳኔ መዘግየት እየተመዘገበ ነው። ከቀጠለ እንደገና ለምዘና ይጠራሉ።»

«መዝግብ» አለች ኤፍራታ። ይጠራታል፤ ታውቃለች። ከክረምቱ በኋላ እንደገና ያን ሰሌዳ ትዘረጋለች፣ ያስቀመጠላትን ሁሉ ትበላለች፣ ለዚያ እጅ አላት። ዝናቡ ማካፋት ጀመረ። «በሞቴ ናሆም፣ አንተ ቅደም።»

«አንቺ ቆመሽ?»

«እኔ ቆሜ።»

ናሆም አንድ እግሩን አሻገረ። ጉበኑን ደገፍ ብሎ ዞረና ሳቀ፤ ያን የሙሽርነቱን ሳቅ።

«ኤፊ» አለ፣ «መቼም አትሸነፊም።»

«መቼም» አለችና ተከትላው ገባች።